ዊሊ ቡርግዶርፈር

ዊሊ ቡርግዶርፈር (ጁን 27 ቀን 1925 – ኖቬምበር 17 ቀን 2014፤ በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በመዥገርና በነፍሳት የሚተላለፉ በሽታዎችን ያጠኑ የስዊዘርላንድ ተወላጅ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነበሩ። ስማቸው የሚነሳው በአብዛኛው በመዥገር ንክሻ የሚተላለፈውን የላይም በሽታ አምጪ ተሕዋስ በማግኘታቸው ነው። በኢትዮጵያ መዥገሮች ላይ የሠሩት ጥናት ግን የሚገባውን ያህል አይታወስም።

ትምህርትና ሥራ

በባዝል ተወልደው እዚያው በሩዶልፍ ጋይጊ መሪነት የዶክትሬት ጥናታቸውን ሠሩ። ርእሱ በአፍሪካ በመዥገር የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ባክቴሪያ በመዥገሯ አካል ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት አምጪ የዚሁ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ነው። በ1951 ወደ ሞንታና ተሻግረው ሃሚልተን በሚገኘው የሮኪ ማውንቴን ላቦራቶሪ ተቀጠሩ፤ በ1957 የአሜሪካ ዜግነት አገኙ፤ በ1986 ጡረታ ወጡ።

የኢትዮጵያ መዥገሮች ጉዳይ

የተስቦ አስተላላፊ የሰው ቅማል መሆኑን ሻርል ኒኮል በቱኒዝ ያረጋገጠው በ1909 ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን ሬይስ-ጉትፍሮይንድ የተባሉ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ከቤት እንስሳትና ከመዥገሮቻቸው የተስቦን ሪኬትሲያ (በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ) መለየታቸውን አስታወቁ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። የተስቦ ማደሪያ ከብትና መዥገር ከሆኑ፣ ቅማልን ማጥፋት ብቻውን በሽታውን አያቆመውም ማለት ነው፤ ለደጋው ገበሬም ለጤና ባለሙያውም የሚያሳስብ ጥያቄ ነበር።

ቡርግዶርፈር ከተመራማሪዎቹ ከኦርምስቢ፣ ከሽሚትና የመዥገር ሊቅ ከነበሩት ከሃሪ ሁግስትራል ጋር ሆነው ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ መዥገሮችን መረመሩ። ውጤቱ በ1973 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ወጣ፤ የተስቦውን ተሕዋስ አላገኙም። ይህ የቀደመውን ግኝት ለማዳከም በቂ ቢሆንም፣ ተስቦ ከሰውና ከቅማል ውጭ ማደሪያ የለውም ብሎ ለመደምደም አያስችልም፤ በ1970ዎቹ በአሜሪካ በሚንሳፈፉ ሽኮኮዎች ላይ የተስቦው ሪኬትሲያ መገኘቱም ጥንቃቄውን ይደግፋል።

ፍለጋው ባዶ እጁን አልተመለሰም። ከመዥገሮቹ የነጠብጣብ ትኩሳት ወገን የሆኑ ሪኬትሲያዎች ተለይተዋል። በኢትዮጵያ ከብት ላይ ከተለቀመ አምብሊዮማ ቫሪጌተም ከተባለ መዥገር የተገኘው ኢኤስኤፍ-5 የተሰኘ ዝርያ የዚህ ወገን ነው። ይህ ተሕዋስ ከጊዜ በኋላ ሪኬትሲያ አፍሪኬ ተብሎ ከተሰየመው ጋር አንድ መሆኑ ታውቋል። የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳትን የሚያመጣው ይኸው ነው፤ በ2009 የታተመው የተሕዋሱ ሙሉ የዘር ቅንብርም የተነበበው ከዚሁ የኢትዮጵያ ዝርያ ነው። በዚህ መጣጥፍ አጠናቃሪ እምነት፣ ከታሰበው ተሕዋስ ይልቅ ያልታሰበው መገኘቱ ጥናቱን ከውድቀት ሳይሆን ከፍሬያማ ሥራ ያስቆጥረዋል።

የላይም በሽታ

በ1970 ቡርግዶርፈር የመዥገርን እግር ጫፍ ቆርጦ የሚወጣውን ጠብታ ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ የማየት ዘዴ አሳተሙ። መዥገሯ ሳትሞት በውስጧ ሪኬትሲያ መኖር አለመኖሩ ይታወቃል፤ የመስክ ሥራን ያቀለለ ብልሃት ነው።

በ1981 ከኒው ዮርክ ሼልተር ደሴት የመጡ መዥገሮችን በዚሁ ዘዴ ሲመረምሩ የጠበቁት ሪኬትሲያ ነበር። ጥቃቅን ትሎች ያዩባቸውን ከፍተው አንጀታቸውን ሲመለከቱ ግን ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎች አገኙ። በወጣትነታቸው የመረመሩት የሚያገረሽ ትኩሳት ተሕዋስም የዚያው ቅርጽ ነበርና ዓይናቸው ሳያልፈው ቀረ። ከ126 መዥገሮች 77ቱ ባክቴሪያውን ይዘው ነበር። የላይም ሕሙማን ደም ለዚህ ተሕዋስ ፀረ እንግዳ አካል እንደያዘ ተረጋገጠ፤ ባልደረባቸው አለን ባርቦር ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳደጉት። ግኝቱ በጁን 1982 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ፤ በ1984 ባክቴሪያው ቦሬሊያ ቡርግዶርፈሪ ተባለ።

ሌሎች ሥራዎች

በኮሎራዶ የመዥገር ትኩሳት ላይም ሠርተዋል። ከስዊዘርላንድ መዥገር የለዩት ሪኬትሲያ ሄልቬቲካ ተብሏል። በሞንታናው ቢተርሩት ሸለቆ ምሥራቃዊ ጎን ያሉ መዥገሮች የሚይዙት ጉዳት የማያደርስ ሪኬትሲያ፣ የሮኪ ማውንቴን ነጠብጣብ ትኩሳትን የሚያመጣው ገዳይ ሪኬትሲያ ከእናት መዥገር ወደ እንቁላሏ እንዳይተላለፍ እንደሚከለክል ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳይተዋል።