ከወር አበባ ጋር የሚመጣ ከባድ እንቅልፍ

ከወር አበባ በፊት ጀምሮ አንድ ሳምንት ገደማ የሚቆይ፣ ደሙ ሲመጣ ድንገት የሚለቅ ከባድ እንቅልፍ አለ። ብዙውን ጊዜ የወር አበባ ማየት በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ይታያል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የእንቅልፍ ሕመሞች ምደባ «ክላይን ሌቪን» በተባለው እጅግ ብርቅ በሽታ ሥር አስገብቶታል።

ሄልስፊር ከባቡር ወርዳ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ በየወሩ ሳምንት ብትቀር፣ እኛ ዘንድ «ሰንፋለች» ወይም «ጸበል ውሰዷት» ይባላል። ጸበሉን አልቃወምም፤ ቀኑም ይመዝገብ። እየተመላለሰ ለሚመጣ ብልሽት የእኛ የመሐንዲሶች የመጀመሪያ ጥያቄ «መቼ?» የሚል ነው። የእንቅልፏንና የወር አበባዋን ቀናት ለሦስት ወር ያህል ጽፋችሁ ለፋስትሌገዋ፣ ማለትም ለመደበኛ ሐኪሟ አሳዩ። ሐኪሙ አስቀድሞ ደም ማነስን፣ ታይሮይድንና ድብርትን ያጣራል፤ ይበልጥ የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸውና። ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥም ኔቭሶም የተባለ፣ በእንዲህ ዓይነት የእንቅልፍ ሕመሞች ላይ የሚሠራ ማዕከል አለ።

ለአንዳንዶች የእርግዝና መከላከያ እንክብል እንቅልፉን እንዳስቀረላቸው ተዘግቧል። ስሙን ሰምታችሁ አትደንግጡ፤ እዚህ ላይ የሚፈለገው ሆርሞኑ ነው። ይህን ንግግር ደግሞ ልጅቷ ራሷ ለእናቷ አታስተርጉም፤ አስተርጓሚ ጠይቁ።