አንድ ሐዲድ፣ ሁለት ጭነት

ከመተማና ከገላባት ድንበር በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኘው ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። ጥቁር መሬቷ ክረምት ሲገባ እግርንም ጎማንም የሚይዝ ጭቃ ስለሚሆን፣ የከተማዪቱ የረጅም ዘመን ችግር እህል ማብቀል ሳይሆን ያበቀሉትን ማውጣት ነበር። ከቀይ ባሕር አቅጣጫ የተዘረጋው ባቡር በ1924 ከሰላ፣ በ1928 ገዳሪፍ፣ በ1929 ደግሞ ሴናር ደረሰ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1944 ገደማ በአካባቢው ለሠራዊቱ ቀለብ ተብሎ በትራክተር ማረስ ተጀመረ። በ1960ዎቹም በሶቪየት ኅብረት እርዳታ 100,000 ቶን የሚይዝ ትልቅ ጎተራ ቆመ።

ለጎተራው እህል የተለየ፣ ለመንገደኛው የተለየ ሐዲድ አልተዘረጋም፤ ሁለቱም በአንዱ መስመር ይጓዙ ነበር። በነጠላ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት የሚመጡ ባቡሮች መተላለፍ የሚችሉት የጎን ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከፊት ያለው መንገድና ጣቢያ ባዶ መሆኑ ሳይረጋገጥ ባቡር አይለቀቅም። መዘግየት ይታገሡታል፤ ግጭትን ግን የሚታገሥ የለም።

ሁለት ዓይነት ጭነት በአንድ መስመር እንዴት ይጓዝ የሚለው ጥያቄ፣ ባቡሩ ገዳሪፍ ከገባ 80 ዓመት ያህል ቆይቶ በኮምፒዩተር ዓለም እንደገና ተነሣ። ባንኮችና የስልክ ኩባንያዎች መዝገባቸውን የሚያኖሩበት የመረጃ ማዕከል ሁለት ወገን መሣሪያ አለው፤ አንዱ የሚያሰላና ደንበኛን የሚያስተናግድ፣ ሌላው መዝገቡን በዲስክ የሚጠብቅ ጎተራ ነው። ለእነዚህም ሁለት የተለያዩ መስመሮች ነበሩ። ለዕለት ተዕለቱ ግንኙነት በ1973 በአሜሪካው የዜሮክስ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ሮበርት ሜትካፍ የጠነሰሰው ኤተርኔት ያገለግል ነበር። ለጎተራው ደግሞ በ1994 ደረጃው የጸደቀለት ፋይበር ቻናል ተመደበ።

የሁለቱ ጠባይ እጅግ ይለያያል። ኤተርኔት መንገዱ ሲጨናነቅ የመጣውን እሽግ ይጥላል፤ ላኪው መጥፋቱን ሲያውቅ ደግሞ ይልካል። ለደብዳቤ ወይም ለፎቶግራፍ ይህ ጉዳት የለውም። ወደ ዲስክ በሚጻፍ መዝገብ ላይ ግን የአንዲት እሽግ መጥፋት ጠቅላላውን ሥራ አስቁሞ ያስጠብቃል። ስለዚህ በፋይበር ቻናል ተቀባዩ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለው አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ላኪውም ከተፈቀደለት በላይ አንዲት እሽግ አይለቅም። ነጠላው ሐዲድ የሚሠራበት ሕግ ይኸው ነበር።

ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ሁለት ዓይነት ካርድና ሁለት ዓይነት ገመድ መግዛት ግን ወጪው ከባድ ነበር። በሰከንድ 10 ጊጋቢት የሚያስተላልፈው ኤተርኔት ሲስፋፋ፣ ሁለቱንም ጭነት አንድ ገመድ ይሸከም የሚል አሳብ መጣ። በ2009 የፋይበር ቻናልን ጭነት በኤተርኔት ላይ የሚያሳፍረው ደንብ ተጠናቀቀ። በ2011 ደግሞ ትራፊኩን በ8 የቅድሚያ መደብ ከፍሎ፣ ሲጨናነቅ የአንዱን መደብ ጉዞ ብቻ ለጊዜው የሚያስቆም ደንብ ጸደቀ። የጎተራው እሽግ እንዳይወድቅ ይቆማል፤ የሌላው መደብ ግን ጉዞውን ይቀጥላል።

አሳቡ መልካም ቢሆንም እንደታሰበው ሁሉን አልጠቀለለም። አንዱ ጣቢያ ሲሞላ ማቆሙ ወደ ኋላ እየተላለፈ ጥፋት የሌለባቸውንም ያግታል። የዲስኩ ባለሙያና የመስመሩ ባለሙያም ብዙ ጊዜ በተለያየ ክፍል የሚሠሩ በመሆናቸው፣ የጋራው ገመድ ሲታወክ ኃላፊው ማን እንደሆነ አከራከረ። በዚያም ላይ ከ2004 ጀምሮ የጎተራውን መዝገብ በተራ ኤተርኔት የሚያስኬድ፣ የጠፋውንም ደግሞ የሚልክ ርካሽ መንገድ ነበረ። ቢሆንም አንዱን መደብ ለይቶ የማስቆሙ ደንብ አልሞተም፤ ዛሬ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽኖችን በሚያገናኙ መስመሮች ላይ ያገለግላል።

ከዚህ ታሪክ እንደሚታየው፣ ሁለት መስመር ወደ አንድ ሲጠቃለል ወጪው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጭንቅ ሲመጣ ማን ይቁም፣ ማን ይለፍ የሚለው አስቀድሞ መወሰን አለበት። ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ጥያቄ አንዱ መስመር ራሱ ሲቋረጥ ምን ይቀራል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ሱዳን በራሷ ላይ አየችው።

ጦርነቱ በኤፕሪል 2023 ከፈነዳ በኋላ ገዳሪፍ የተፈናቃዮች መጠጊያ ሆነች፤ በዲሴምበር 2023 ወድ መደኒ ስትያዝ ደግሞ ብዙ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ጎረፈ። ስደተኛው ከዘመዱ ገንዘብ የሚቀበለው፣ የደኅንነት ዜና የሚሰማውና ድምፅ የሚለዋወጠው በአንድ የስልክ መረብ ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ በካርቱም ያሉት የኩባንያዎቹ ማዕከሎች ሥራ ሲያቆሙ፣ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ፈጥኖ ደራሹ ኃይል በድርጊቱ ቢወነጀልም አስተባብሏል። በዚያ ሰሞን ዳቦ መግዣ የሚላክበት መንገድ ከሰላምታው ጋር አብሮ ተዘጋ። ለመረቡ የተረፈው መፍትሔ ማዕከሉን ወደ ፖርት ሱዳን አዛውሮ ምሥራቁንና ሰሜኑን ቀስ በቀስ መልሶ ማገናኘት ሆነ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል ብዙ ጊዜ ለኅብረት ይጠቀሳል። ሆኖም ተረቱ የሚያመሰግነው ብዙ ድሮች አብረው አንዱን ሸክም መያዛቸውን እንጂ፣ ሸክሙ ሁሉ በአንዲት ድር ላይ መንጠልጠሉን አይደለም። ከጎተራው እስከ ወደቡ አንድ ሐዲድ ብቻ የነበራት ገዳሪፍ፣ ከፖርት ሱዳን በከሰላና በገዳሪፍ አድርጎ ካርቱም የሚደርሰው የአስፋልት መንገድ በ1980 ሲጠናቀቅ ሁለተኛ መውጫ አግኝታለች። ለስልኳና ለገንዘቧ መንገድም ያው ሁለተኛ መውጫ ያስፈልጋታል።