ከመተከል እስከ መጽደቅ፦ የአየር ሙቀትና የለጋ ዛፎች ዕድገት በአምበርና በጮቄ ተዳፋት

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አምበር፣ በስተሰሜኗ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ይታያታል። የአካባቢው ገበሬ ከጥንት ጀምሮ አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ እያለ ሲከፍል ኖሯል። አከፋፈሉ የእህልን ያህል የዛፍንም መኖሪያ የሚያመለክት ነበር፤ ዋንዛ በወይና ደጋው፣ ጥድና ኮሶ በደጋው፣ አስታና ጅብራ ከዚያ በላይ ይበቅሉ ነበር። ለዚህ ሥርዓት መሠረቱ የታወቀ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ 100 ሜትር ሽቅብ በተወጣ ቁጥር አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል።

የተፈጥሮው ደን በእርሻ፣ በግጦሽና በማገዶ ምክንያት እየተመናመነ ሄዶ ቅሪቱ በአመዛኙ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ተጠልሎ ቀረ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ ጎጃም ደጋ ተስፋፋ። ፈጥኖ ማደጉና ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ማቆጥቆጡ ለገበሬው ማገዶ፣ ማገርና የገንዘብ ምንጭ አደረገው። ከአብዮቱ በኋላ አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ አዋጅ ቁጥር 192/1972 ስለ ደንና ዱር አራዊት ጥበቃና ልማት ተደነገገ። በእነዚያ ዓመታት በገበሬ ማኅበራት አማካይነት በዘመቻ ችግኝ መትከል ተለመደ። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብርም፣ ሐምሌ 22 ቀን ብቻ በመላው አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸው ተገለጸ።

በእነዚህ ዘመቻዎች ሁሉ ጎልቶ የሚነገረው ቁጥር የተተከለው ነው። ገበሬው ግን ስለ ችግኝ ሲጠየቅ «ጸደቀ» ወይም «አልጸደቀም» ብሎ ይመልሳል። በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ያለው ልዩነት፣ አየሩ በሞቀ መጠን እየሰፋ የሚሄድ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 የኢትዮጵያ አማካይ የአየር ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ገደማ እንደጨመረ ተሰልቷል። ከላይ በተጠቀሰው ሕግ ሲመዘን፣ ይህ የሙቀቱን ወሰን ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ እንደ መግፋት ይቆጠራል። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው የውኃ ተን 7 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህም ዝናቡ ባይቀንስ እንኳ ከአፈሩና ከቅጠሉ የሚሳበው እርጥበት ይበዛል። ትልቅ ዛፍ ሥሩን ጠልቆ ውኃ ይፈልጋል። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ ግን ሥሩ ገና ከላይኛው አፈር ሳያልፍ የበጋው ወራት ይደርስበታል። ውኃ ለመቆጠብ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ሲዘጋ፣ ምግቡን የሚሠራበት አየርም አብሮ ይቋረጥበታል፤ ዕድገቱም ይገታል። ዝናብ ያለውን ኃይል የጥድ ግንድ ራሱ ይመሰክራል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የኢትዮጵያ ጥድ ዓመታዊ ቀለበቶች ጥናት፣ የቀለበቶቹ ስፋት የዝናቡን መጠን ተከትሎ እንደሚለዋወጥ አሳይቷል።

በጮቄ ከፍተኛ ስፍራዎች የሙቀቱ ውጤት ሌላ መልክ አለው። ዛፍ ከተወሰነ ከፍታ በላይ እንዳያድግ የሚከለክለው ብርድ ስለሆነ፣ ሙቀት ሲጨምር ለጋ አስታ ቀድሞ ወዳልነበረበት ቦታ ሊወጣ ይችላል። ነገር ግን ገብስና ድንች ወደ ተራራው በወጡበት፣ ከብትም በሚሰማራበት ስፍራ፣ አየሩ የከፈተውን በር ማረሻና ግጦሽ ይዘጉታል። ወደ ላይ የሚሸሽ ዛፍ መሬት ካላገኘ፣ ሽሽቱ ከንቱ ይሆናል።

የሙቀቱን ጉዳት ለመቀነስ በሰው እጅ ያለው መሣሪያ ግን ጥቂት አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከባልደረቦቻቸው ጋር ባካሄዱት ምርምር፣ ከብት እንዳይገባ በታጠረ ቦታ ቡቃያው ይበልጥ እንደሚተርፍ ተረጋግጧል። አጥር የአየሩን ሙቀት አይቀንስም፤ ነገር ግን በድርቅ የተዳከመውን ለጋ ዛፍ ከሁለተኛ ጠላት ያድነዋል። ጉድጓዱን ቀደም ብሎ መቆፈር፣ በግርጌው ጉዝጓዝ ማልበስ፣ ዘሩንም ከተከላው ቦታ ሞቅ ካለ ዝቅተኛ ስፍራ ጭምር ሰብስቦ ጎን ለጎን መሞከር ከዚሁ ጋር የሚሄዱ ተግባራት ናቸው።

ከሁሉም በላይ የቆጠራው ጊዜ መለወጥ ይኖርበታል። መሐንዲስ ድልድይን የሚመዝነው ውኃ ሲሞላበት እንጂ በምረቃው ዕለት አይደለም። የችግኝም መመዘኛ የሐምሌ ተከላ ሳይሆን የሚያዝያ ደረቅ አፈር ነው። በአምበር ተዳፋት የሚተከለው ሁሉ ሁለት በጋ ካለፈው በኋላ፣ በየዓይነቱና በየከፍታው ተቆጥሮ ቢመዘገብ፣ የትኛው ዛፍ በየትኛው ከፍታ ሙቀቱን እንደሚቋቋም መጪው ትውልድ ከመዝገቡ ያነባል። ያለፈው መቶ ዓመት ያላወረሰን እንዲህ ያለውን መዝገብ ነው።