የቤተልሔም መምህራንና የአንጎል ጥናት

ወገዳ ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስበው ድርቅንና ሴፍቲኔትን ነው። ግን ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የምትባል ደብር አለች። የድጓ መምህር ለመሆን የፈለገ፣ የትም ይማር የት፣ እዚያ ሄዶ ያስመሰክራል። የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አምባም የዚያው አካባቢ ነው።

እነዚህ ጉባኤ ቤቶች ያንን ሁሉ ቀለም በሰው ጭንቅላት ውስጥ ያኖሩት እንዴት ነው? ተማሪው በቀን ጥቂት ይቀበላል። ሌሊት መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ በቃሉ ይወጣዋል። በማግስቱ ይጠየቃል፣ ቆይቶም ወደ ኋላ ተመልሶ ይከልሳል። ያልያዘውን ሳይዝ አያልፍም። የያዘውን ደግሞ ለታናሹ ያስጠናል።

ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ ሰው የተማረውን በምን ፍጥነት እንደሚረሳ በራሱ ላይ ለክቶ ያሳተመው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎችን፣ አንድ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ በቃል ከተፈተኑት ጋር አወዳደሩ። ከሳምንት በኋላ አንባቢዎቹ 40 በመቶውን፣ ተፈታኞቹ 61 በመቶውን አስታወሱ። የኔታ ያለ ላቦራቶሪ የደረሱበት ይህንኑ ነው።

የኔታን ለማሞገስ ብቻ አልጻፍኩም። አርጩሜው፣ ረሃቡ፣ ትርጉሙን ሳያውቁ ዳዊት መድገሙ፣ የሴት ልጆች ከጉባኤው መቅረት እውነት ነው። የአንጎል ጥናትም የሚለው ብርቱ ጭንቀት ያጠኑትን ለማስታወስ እንደሚያስቸግር ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ሽምደዳውን ወርሶ ክለሳውን ጣለ። የ1986ቱ ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ያለ መውደቅ እንዲዘዋወሩ ፈቀደ፤ ማንበብ ያልቻለውም አብሮ አለፈ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

አሁን ደግሞ የባሰ መጥቷል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። 3ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ የስማዳ ልጅ ነገ ሲመለስ በዕድሜው ተቆጥሮ 6ኛ ክፍል ከተቀመጠ፣ ሁለተኛ ጊዜ አጣነው ማለት ነው።

የኔታ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ዕድሜውን አይጠይቁም፤ «እስከ የት ዘልቀሃል?» ነው የሚሉት። ለተመላሾቹ ልጆችም ይኸው ይጠየቅ። ልጁ ይነበብለት ሳይሆን ያንብብ፤ ከቆመበት ይጀምር። መምህሩም በየቀኑ ደብተር አስዘግቶ የትናንቱንና ያለፈውን ሳምንት ይጠይቅ። ለዚህ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም።