ከጢስ ዓባይ ሥር ያለው ኩሬና የሁለት መንገደኞች ቃል

በክረምት የትምህርት ዕረፍት ተማሪዎቹን አስከትሎ ወደ ጢስ ዓባይ በእግር የሚጓዝ መምህር፥ በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ ከፏፏቴው ፊት ሲደርስ፥ ከልጆቹ አፍ አስቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ ስለ ታሪክ አይደለም፤ «ከሥሩ ወርደን እንዋኝ?» የሚል ነው። እኔም ተጠይቄአለሁ። ነገር ግን በዚሁ ኩሬ ምክንያት አንድ መንገደኛ ሌላውን ውሸታም እንዳለው ብዙዎቻችን አናስተውልም።

ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ጄሮኒሞ ሎቦ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1625 እስከ 1634 በአገራችን ተቀምጦ ነበር። ውሃው ከገደሉ ተወርውሮ ሲወርድ ከበስተኋላው ባዶ ስፍራ ስለሚተው፥ እርሱ ከዓለቱ ሥር ተቀምጦ በውሃው መጋረጃ ውስጥ ብዙ ቀስተ ደመና ማየቱን ጽፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 በግንቦት ወር ከዚያው ደረሰ፤ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉም የሎቦን ቃል ፍጹም ሐሰት አለው። ምክንያቱ፥ ጥልቅና ዘወትር የሚናወጥ ኩሬ እስከ ዓለቱ ሥር ድረስ መኖሩ ነው። እርሱ ራሱ ብርቱና በዋና የሠለጠነ ሰው ሳለ፥ ኩሬውን አቋርጦ ከዚያ መድረስ እንደማይቻለው ይመሰክራል።

ብሩስ ስለ ኩሬው የተናገረው እውነት ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ያየው ወንዙ በዝናም ከሞላ በኋላ መሆኑን ራሱ ጽፏል፤ አንድ ወር አይቶ በዐሥራ ሁለቱ ወር ላይ ፈረደ። ደግሞም አርባ ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ፏፏቴ አርባ ጫማ ያህል ነው ያለ እርሱ ነው!

በበጋ ሰዎች ከፏፏቴው ሥር ሲዋኙ አይቶ «እንግዲህ ሎቦ እውነተኛ ነው» የሚል መምህርም ይሳሳታል። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1964፥ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፥ በተለይም ከሁለተኛው በኋላ፥ ብዙው ውሃ በቦይ ወደ ማመንጫው ስለ ተመራ በገደሉ ላይ የሚወርደው እጅግ አንሶ ነበር። የዛሬው በጋ የሎቦ ዘመን በጋ አይደለም።

በዚያ ቀን ወንዙ ደፍርሶ፥ ጉሙም ልብሳችንን አርሶት ነበርና ልጆቹን ወደ ኩሬው አላስወረድኋቸውም። ከሣሩ ላይ አስቀምጬ የሁለቱን መንገደኞች ቃል ነገርኋቸው። አብዛኞቹ ለብሩስ ፈረዱ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን እጁን አንሥቶ፥ «ሎቦ የመጣው በየትኛው ወር ነበር?» አለኝ።