ከእጅ ግልባጭ እስከ ሞባይል፦ ዒልም ከተርታው ሙስሊም እጅ የገባበት መንገድ

ከተክለ ሃይማኖት ወደ መርካቶ አልፈን አንዋር መስጂድ አካባቢ ስንደርስ ኪታቡም ሙስሐፉም በየሱቁ ተደርድሮ እናገኘዋለን። ዛሬ ለዓይናችን ተራ ነገር ነው፤ ለአባቶቻችን ግን እንዲህ ቅርብ አልነበረም።

ድሮ ደረሳው ለመቅራት ስንቁን ቋጥሮ እንደ ዳናና ገታ ወዳሉ የወሎ የዒልም መንደሮች በእግሩ ይጓዝ ነበር። ኪታቡንም በእጁ ይገለብጣል። ዐረብኛ የማያውቀው ሕዝብ ከዑለማው አፍ የሰማውንና በመንዙማ የያዘውን ይዞ ይኖራል።

በ1961 ዓ.ል ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ (አላህ ይዘንላቸው) የተሳተፉበት የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ታትሞ ወጣ። አማርኛ ማንበብ የሚችል ሁሉ መልእክቱን በራሱ ዓይን ማየት ጀመረ።

ቀጥሎ የካሴት ዘመን መጣ። በጥቅምት 1985 የወጣው የፕሬስ ሕግ ቅድመ ሳንሱርን ሲያስቀር እንደ ቢላል ያሉ መጽሔቶችም በቁ። ዳዕዋውና የሸይኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማ በካሴት ከቤት ቤት ዞረ። አንዱ የገዛውን ጎረቤቱ በባዶ ካሴት ይቀዳዋል፤ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችንም ቡና እያፈሉ ያዳምጡታል።

እስከዚያ ድረስ ብዙኃኑ አድማጭ ነበር። ሞባይልና ፌስቡክ ሲመጡ ራሱ ዘጋቢ ሆነ። በ2004 ድምፃችን ይሰማ መልእክቱን ለሕዝብ ያደረሰው በፌስቡክ ገጹ ነበር። በ2005 የመንግሥት ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት»ን ሲያሳይ፣ ሕዝቡ በየጁሙዓው በስልኩ የቀረጸው የራሱ ምስክር ነበረው። ታሪካችንን ሌላ ሰው እስኪጽፍልን አልጠበቅንም።

ነገር ግን ስልክ ይሰበራል፤ የካሴት ክርም ይበጠሳል። ውሸትም በዚያው መንገድ ይሠራጫል። ለዚህ መድኃኒቱን የሐዲስ ዑለሞች ቀድመው አስተምረውናል፦ ሰነድ። ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ? ዛሬ በስልካችን የደረሰንን ለሌላው የምናስተላልፍ ሁላችንም ራዊዎች ነን፤ አማናውም በላያችን ነው።

በሐረር አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ከየቤቱ ያሰባሰቧቸው ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች ዛሬ በስማቸው በሚጠራው ሙዚየም ይገኛሉ። የጀመሩት አንድ ግለሰብ ሆነው ነው። እኛም በየሣጥናችን ያስቀመጥነውን ኪታብ ፎቶ እናንሳ፤ ካሴቱን ወደ ስልክ እንገልብጥ፤ የማን እንደሆነ፣ መቼና ከማን እንደተገኘ እንጻፍበት። አዛውንቶቻችንንም በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይወፍቀን።