የካሽሚሩ ሱልጣን ዘይኑል ዓቢዲንና የአባቱ ዘመን ቁስል

የኢስላም ታሪክ ሲነሳ ባግዳድ፣ ደማስቆና አንደሉስ ቶሎ ይታወሱናል። በሂማላያ ተራሮች መሐል የምትገኘው የካሽሚር ሸለቆ ግን እምብዛም አትነሳም። በዚያች ምድር ከ1420 እስከ 1470 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሃምሳ ዓመት የነገሠ አንድ ሱልጣን ነበር። ስሙ ዘይኑል ዓቢዲን ሲሆን ሕዝቡ «ቡድሻህ» ይለዋል፤ «ታላቁ ንጉሥ» ማለት ነው። የዛሬው ወጋችን ስለ እርሱ ነው። ነገር ግን ከእርሱ በፊት ደስ የማይል ምዕራፍ አለና እሱን ዘለን ማለፍ አንችልም።

ኢስላም ወደ ካሽሚር የገባው በጦር አልነበረም። በ1320ዎቹ ገደማ ሪንቻና የተባለ ከላዳክ የመጣ ገዥ በአንድ ሱፍይ ዳዒ አማካይነት ሰለመ። በ1339 ሻህ ሚር የሱልጣኖቹን ሥርወ መንግሥት መሠረተ። ከዚያም እንደ ሰይድ ዓሊ ሀመዳኒ ያሉ ታላላቅ ዓሊሞች ከፋርስ ምድር መጥተው አስተማሩ። ይህ ሁሉ መልካም ነበር።

ችግሩ የመጣው በዘይኑል ዓቢዲን አባት በሱልጣን ሲከንደር ዘመን (1389 – 1413) ነው። ሱሃባታ የተባለ ብራህሚን ሰልሞ ሰይፈዲን ተባለና ዋና ሚኒስትር ሆነ። አዲስ ገቢ አንዳንዴ ከነባሩ ይብሳል። ቤተ መቅደሶች ፈረሱ፤ ከብራህሚኖቹ ገሚሱ ተገድዶ ሰለመ፣ ገሚሱ አገር ጥሎ ተሰደደ። ይህን የጻፈው ጆናራጃ ራሱ ብራህሚን ስለሆነ ያጋነነው ነገር አይጠፋም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ይሁን እንጂ በደል ጭራሽ አልተፈጸመም የሚል ሰው ከሙስሊሙ ልጅ ሥራ ጋር ይጋጫል። ያልፈረሰ ነገር አይጠገንምና።

ከሲከንደር በኋላ የነገሠው ታላቅ ልጁ ዓሊ ሻህ ነበር። እርሱም ለሐጅ ተነሳና ዙፋኑን ለወንድሙ ለሻሂ ኻን ተወለት። ጃሙ ሲደርስ ግን አማቱ የጃሙ ራጃ «ምን ነክቶህ መንግሥትህን ትጥላለህ?» በሚል መንገድ ሐሳቡን አስቀየሩት። ሐጁ ቀርቶ ጦር ይዞ ተመለሰ። ሻሂ ኻንም ጃስራት በተባለው የኾኸር ጎሣ መሪ እርዳታ በ1420 አሸነፈውና ዘይኑል ዓቢዲን ተብሎ ነገሠ።

ነገሩን የለወጠው ሕመም እንደሆነ ይነገራል። ሱልጣኑ መርዘኛ እባጭ ወጣበት። ሐኪም ሲፈለግ ከስደት የተረፈ ሽሪ ባት የተባለ ብራህሚን ተገኘና አዳነው። ሽልማት ሲቀርብለት ወርቁን አልፈልግም አለ። የጠየቀው በወገኖቹ ላይ የሚደርሰው ግፍ እንዲቆም ነበር። ሱልጣኑም ተቀበለው። የተሰደዱት ተጠርተው ተመለሱ፣ ጂዝያው በጣም ቀለለ፣ ተገድደው የሰለሙት ወደ ቀድሞ እምነታቸው እንዲመለሱ ተፈቀደ፣ የፈረሱት መስጊድ ያልሆኑ የአምልኮ ቤቶችም እንዲጠገኑ ተፈቀደ። በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ የሚያውቅ ሙስሊም በዚህ ሊደነቅ አይገባም። የሚያስደንቀው ሱልጣኑ ይህን ያደረገው በገዛ አባቱ ሥራ ላይ መሆኑ ነው። የሰው ልጅ የጠላቱን በደል ለማረም ይቸኩላል፤ የአባቱን ለማረም ግን ልቡ ይከብደዋል።

ይህ መልካም አስተዳደር ብቻ አልነበረም፤ የዒልም ፍቅርም ነበረበት። ሙላ አሕመድ የተባሉ ዓሊም ማሃባራታንና የካሽሚር ነገሥታትን ታሪክ ከሳንስክሪት ወደ ፋርስኛ እንዲተረጉሙ አደረገ። የነገሥታቱን ታሪክ እንዲቀጥል የታዘዘው ያው ጆናራጃ ነው። በ1459 ሲሞት ተማሪው ሽሪቫራ ተረከበው። እንግዲህ አስቡት፤ የሙስሊሙን ሱልጣን ፍትሕ ለትውልድ ያስተላለፉልን ሁለት ብራህሚኖች ናቸው። ምስክርነት ከዚህ የበለጠ ከየት ይመጣል?

የእጅ ሙያም ከእርሱ ጋር ይነሳል። ወረቀት መሥራትና መጽሐፍ መጠረዝ የሚያውቁ ባለሙያዎችን ከሰመርቀንድ አስመጣ። የካሽሚር ወረቀት ከዚያ በኋላ ለዘመናት በሕንድ ተፈላጊ ነበር። የዘይናጊርን ደረቅ መሬት የሚያጠጣ ቦይ አስቆፈረ። በዉላር ሐይቅ መሐል ማዕበል ሲነሳ ጀልባዎች ይሰጥሙ ነበርና ድንጋይ አስከምሮ ደሴት ሠራ፣ መስጊድም አቆመበት። ይህም በ847 ሂጅሪ (1443/44 እ.ኤ.አ.) ነበር። በ1460 ሩዙ ሳይታጨድ በረዶ ጥሎ ረሃብ ሲገባ ከመንግሥት ጎተራ እህል አከፋፈለ። ለግል ወጪው ከመዳብ ማዕድኑ የሚያገኘውን ገቢ ይጠቀም እንደነበርም ተጽፏል።

አገሩን ያስታረቀው ሰው ልጆቹን ማስታረቅ ግን አልቻለም። አድሃም ኻን፣ ሃጂ ኻንና ባህራም ኻን እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ ሁለቱ ታላላቆች በየተራ በአባታቸው ላይም ጦር አነሱ። ሱልጣኑ በእርጅናው የዓለምን ከንቱነት የሚያማርር «ሺካያት» የተሰኘ መጽሐፍ በፋርስኛ እንደጻፈ ይነገራል። ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ ሲያድር ሽሪቫራ እያነበበለት ያጽናናው ነበር። ከሦስቱ ማን ይተካህ ሲሉት አልጋ ወራሽ ሳይሰይም በ1470 አረፈ። አላህ ይዘንለት።

ዙፋኑን ሃጂ ኻን ሃይደር ሻህ ተብሎ ወረሰ። መጠጥ የጸናበት ሰው ነበር። አንድ ፀጉር አስተካካይ አማካሪው ሆነና ብራህሚኖች እንደገና ተጎዱ። ሃይደር ሻህም ሁለት ዓመት ገደማ ነግሦ በ1472 ወድቆ በደረሰበት ጉዳት ሞተ። የቡድሻህ መቃብር በስሪነጋር ከተማ፣ በጄለም ወንዝ አጠገብ፣ እናቱ በተቀበሩበት ጉልላት ያለው ቤት ጎን ይገኛል። አካባቢው ዛሬም እርሱ ባሠራው ድልድይ ስም «ዘይና ከደል» ይባላል።